ባዶ ነው የተባለው የማይክ ቀዳዳ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጭምቱ፤

ይህ ጽሑፍ ጤናህ ሙሉ፣ ሥራህ የተቃና፣ ፊትህ የፈካ ሆኖ ያግኝህ። በሄድክበት ሁሉ ፈጣሪ ደግ ሰው ያዝዝልህ። እኔ ደህና ነኝ።

ስልክ ለምን አታነሺም እያልክ ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ። መልሴ ያው ነው፤ ድምፄን ለሥራዬ እየቆጠብኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክ ፊት ተቀምጣ መጽሐፍ ስታነብ የምትውል ሴት ከሥራ በኋላ ደግሞ ስልክ ላይ ስታወራ ካመሸች በማግስቱ በምኗ ታነባለች? በዚያ ላይ አንተ ስልክ ላይ «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ የማታውቅ ልጅ ነህ። ሰው የምትሆነው ስትጽፍ ነው። ስለዚህ በኢሜይልም ቢሆን እንደ ወጉ እንጻጻፍ፤ ሰላምታውም ምርቃቱም ሳይጎድል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ደርሼ የመቅጃ ክፍሌን ከፈትኩ። ክፍሉን ታውቀዋለህ፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተቸነከረበት ቁም ሳጥን በለው። ኮምፒውተሩ ቅዳሜና እሁድ ማንም ሳያዘው ራሱን አድሶ ጠበቀኝ። አዲስ መልክ፣ አዲስ ቀለም። ማይኩን ግን አያውቀውም። «ምንም አልተሰካም» ይላል። እነቅለዋለሁ፣ እሰካዋለሁ፤ ያው «ምንም አልተሰካም» ነው። በገዛ እጄ ሰክቼ በገዛ ዓይኔ እያየሁት ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክደኛል።

ዕቃ ጠጋኛችንን ታስታውሰዋለህ፣ ብሎን የምንለውን፣ ሲራመድ ኪሱ የሚንሿሿውን ሽማግሌ። እሱም ሞክሮ ሞክሮ እጅ ሰጠ። ከገበያ ሌላ ዓይነት ማይክ አምጥቶ ነበር፤ ጎረቤት ጋራዥ የሚመታውን መዶሻ ሁሉ ለቅሞ ይቀዳል። በስልክ ብሞክር ድምፄ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ኮምፒውተሩን ወደ ድሮው እንመልሰው ብዬ ብጠይቀው ደግሞ እስከዛሬ የቀዳነው ይጠፋል ብሎ ፈራ።

የያዝኩት መጽሐፍ ረጅም ልብ ወለድ ነው። አንድ ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ የሚያሻግሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ተኳርፈው አንዱ ወዲህ ዳር፣ ሌላው ወዲያ ዳር ይኖራሉ። ጥቂት ምዕራፍ ነው የቀረኝ። ዓይነ ስውራን አድማጮቻችን የተነበበውን በየሳምንቱ እየወሰዱ ደርሰውብኛል። አንዱ የሆቴል ስልክ ኦፕሬተር ነው፤ በየሳምንቱ ይደውልና ብሎን ሲያነሳው ሰላም እንኳ ሳይል «ቀጥሎስ?» ይላል። ስሙንም ቀጥሎስ ብለነዋል።

መጽሐፉ ኅዳር ከመውጣቱ በፊት ማለቅ አለበት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ የመሥሪያ ቤት ዕቅድ ነው። ሥራህ የኮምፒውተር ድምፅ ነክ ነው ብለኸኝ ነበር። እስቲ ያ ሁሉ ትምህርት ለአክስትህ ይድረስላት።

አክስትህ


ጥቅምት 14

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ሙሉ ይሁን፣ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ወሬ ባላውቅም ድምፅሽን ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ይሁን፣ እንዳልሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትስቂብኝ። ማይክሽን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

እውነቴን ነው። እዚህ የምንሠራው ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰውን ሲስተም ነው፤ አንቺ ጋ ያለውም እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ኮምፒውተር ላይ የድምፅ ቀዳዳዎች አሉ አይደል፣ የማይክ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የጆሮ ማዳመጫ። የመቅጃ ፕሮግራምሽ ቀዳዳዎቹን ራሱ አያያቸውም፤ ሲስተሙን ነው የሚጠይቀው። ስንት ቀዳዳ አለህ፣ ከፊት ነው ከኋላ፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ለማይክ ነው ለማጉያ፣ አሁን የተሰካበት ነገር አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ተቀብሎ መልስ የሚሰጠውን መስኮት የምሠራው እኔ ነኝ። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ ለማስረዳት ስለሚያስቸግረኝ ዝም እላለሁ።

ድሮ ሲስተሙ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ይደረድር ነበር። ሰው ማይኩን ለማግኘት ረጅም ዝርዝር ውስጥ ይዳክር ነበር። ባዶ ቀዳዳ ማሳየት ምን ይረባል፣ የተሰካበትን ብቻ እናሳይ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሳቡ ተወደደልኝ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ፤ ጆሮዬ ሳይቀር ቀላ። ያ ሥራ ነው በዚያ ቅዳሜ አንቺ ክፍል የደረሰው።

ቀዳዳው የተሰካ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ውስጡ ባለች ትንሽ የብረት ምላስ ነው። የገመዱ ጫፍ ሲገባ ይገፋታል፤ ያኔ «አለ» ይላል። ያንቺው ለምን «የለም» እንደሚል ግን አልገባኝም። እስቲ ብሎንን ጠይቂልኝ፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የነካካው ነገር አለ?

ያንቺው ጭምቱ


ጥቅምት 16

ለልጄ ለደባቂው፤

የጀመርከው ይስመርልህ፣ አለቃህም ስምህን ደጋግማ ትጥራልህ።

ሳቅሁብህ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ። ብሎንማ «ትንሽ ሳለ የሰው ጫማ ሲደብቅ ማን መክሮት ነው» አለ።

ጥያቄህን ሳቀርብለት መጀመሪያ ሙልጭ አድርጎ ካደ። «እኔ? ክዳኑንም አልነካሁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፤ ሊናዘዝ እንደሆነ ገባኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና የጽዳት ሠራተኛችን ወለሉን ስትወለውል መወልወያዋ የማይኩን ገመድ ጠልፎት ኖሮ የኋላው ቀዳዳ ተሰብሮ ወደቀ። ሴትዮዋ ሥራዋን እንዳታጣ ብሎ ብሎን ለማንም ትንፍሽ ሳይል ከአሮጌ ቴፕ ላይ ቀዳዳ ነቀለ። እሱን በኮምፒውተሩ ፊት በኩል በየደው። እኔ ማይኩን ከፊት እንድሰካ ሲያደርገኝ «ለወገብሽ ይሻልሻል፣ ከምትጎነበሺ» ነበር ያለኝ። እኔም አመስግኜው ነበር፣ ጉዴን ሳላውቅ።

«ምላስ አለው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የቴፕ ቀዳዳ ምላስ ምን ይሠራለታል፣ ማን ሊያናግረው?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ዓመት ሙሉ ሠርቷል አልሠራም?» ብሎ ተቆጣ። ሠርቷል፣ እውነቱን ነው።

ቀጥሎስ ትናንት ደውሎ ነበር። ብሎን «ማሽኑ ታሟል» ቢለው «ማሽኑ ይተኛ፣ ወንድማማቾቹ ምን ሆኑ?» አለው። እባክህ ልጄ፣ ቶሎ በልልኝ። ጊዜው እየሄደብኝ ነው።

አክስትህ


ጥቅምት 25

ለውድ አክስቴ፤

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም እልሻለሁ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ።

ነገሩን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ምላስ የሌለው ቀዳዳ ሲጠየቅ «ባዶ ነኝ» አይልም። «አላውቅም» ነው የሚለው። ሲስተሙ ውስጥ ገብቼ አየሁት፤ ከታች በኩል እንደዚያ ይላል። «አላውቅም»ን ተቀብዬ «የለም» አድርጌ ወደ ላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት መልስ ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት። ለሚያውቀው ሁለቱ ይበቁታል፤ ለማያውቀው ሦስተኛ መልስ ያስፈልግ ነበር፣ ቀዳዳውም ከዝርዝሩ መውጣት አልነበረበትም። አለቃዬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ከአሮጌ ቴፕ ቀዳዳ ነቅሎ የሚበይድ ስንት ሰው አለ?» አለችኝ። «አንድ አውቃለሁ» አልኳት። ሳቀች። ግን ለሁሉም ሰው የሚላክ ማስተካከያ ወራት ይፈጃል።

ላንቺ ለብቻሽ ትንሽ ፋይል ልሠራልሽ እችላለሁ። ለዚያ የትኛው ቀዳዳ የት እንዳለ በደንብ ማወቅ አለብኝ። ከዚህ ጋር መፈተሻ ልኬልሻለሁ። ስትከፍቺው እያንዳንዱን ቀዳዳ ለአጭር ጊዜ ያዳምጥና ያገኘውን በቀጥታ ለኔ ይልካል። ሲሠራ ማይኩ አጠገብ አንድ ሰው ይናገር። አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

መኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም። ሳይወጣ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ባይሆን ኖሮ መጥቼ በእጄ በጠገንኩልሽ።

ያንቺው ጭምቱ


ጥቅምት 27

ለጭምቱ፤

ወረቀትህን ፈጣሪ ያፋጥንልህ፣ ልብህንም ያስፋልህ።

ልብህ እንዳይሰበር እንጂ መፈተሻህ አልሠራም። ብሎን ማይኩ ፊት እንደ ወታደር ተገትሮ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ቆጠረ። ስክሪኑ ወይ ፍንክች፤ «ምንም አልተሰካም» እንዳለ ቀረ። እኔ ልናገር ብዬ ነበር፣ ብሎን ግን ወግ ደርሶት ስለነበር ልቀማው አልፈለግሁም። እሱ ለራሱ አንድ ቀን አንባቢ እሆናለሁ ይላል። ቁጥር ሲቆጥር ራሱ ሦስትን ዘሎ ሊሄድ ነበር።

ሌላ ዘዴ ካለህ በዚህ ሳምንት ላክልኝ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አክስትህ


ጥቅምት 29

ለአክስቴ፤

እንዴት ነሽ ብዬ ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

መፈተሻው ሠርቷል። ስክሪኑ የሚያሳየው ያንን የኔን የተሳሳተ መልስ ነው፤ መፈተሻው ግን ስክሪኑን አልጠየቀም፣ ቀዳዳውን ራሱን ነው ያዳመጠው። ከፊት በኩል ያለው ቀዳዳ በደንብ ይሰማል። ያገኘው ሁሉ ደርሶኛል።

እዚህ አሮጌ ማሽኖች የምንሞክርበት ክፍል አለ። እዚያ ገብቼ ማዳመጫ አድርጌ ከፈትኩት። ብሎን ቆጠረ። ከዚያ ወንበርሽ ተንቋቋ። ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት ተናገረች። ድምፅዋ ሰልሏል፣ ደግሞ ይሻክራል፤ እየጎተተች ነው የምትናገረው። «በቃ ተወው ብሎኔ» አለች። «ይኼ ዕቃ እንደኔ ጉሮሮ ተዘግቷል። ኅዳር ሃያ ስድስት ሐኪሙ እኔን ሲከፍት እሱንም ይዘነው እንሂድ።» የጽዳት ሠራተኛዋ ናት ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቅሽ አልተለወጠም።

ወላጆቼ ካለፉ በኋላ ያደግሁት በዚያ ድምፅ ነው። ትምህርት ቤት ስትሸኚኝም፣ ስትቆጪኝም፣ ታምሜ ስተኛ ስታነቢልኝም እሱ ነው። አላወቅኩትም፣ አክስቴ። ተቀምጬ አለቀስኩ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ የማሽኑ ኤሌክትሪክ ያዘህ ወይ ብሎ ሮጦ መጣ።

ምን ሆነሽ ነው? እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ።

ጭምቱ


ኅዳር 4

ለልጄ፤

እንባህን ፈጣሪ ያብስልህ። እኔም ከሰሞኑ ብዕር ማንሳት አቅቶኝ ነው የዘገየሁት።

ያ ሽማግሌና ያንተ መፈተሻ ተባብረው ገመናዬን አወጡት። ማሽኑ «ምንም አልተሰካም» እያለኝ አምኜው እንደ ልቤ አወራሁ። ለሐኪሜ እንኳ እንደዚያ አላወራም።

ጉሮሮዬ ላይ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ፣ እብጠት አለ። መጥፎውን ዓይነት እንዳይሆን ነው ቶሎ ይውጣ የሚሉት። ኅዳር ሃያ ስድስት ይወጣል። ድምፄ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ይመለስ፣ ሻክሮ ይቅር ወይም ጨርሶ ይሂድ፣ ሐኪሙ አላውቅም ብሎኛል። እስከዚያ እንዳልናገር አዞኛል። እኔም ለብሎን ጥቂት ቃል ከመወርወር በቀር አልናገርም፤ ገበያ ስሄድ እንኳ በጣቴ ነው የምጠቁመው፣ ሻጮቹ ድዳ መስያቸው ያዝኑልኛል። ያለኝን ለመጽሐፉ አስቀምጬ ነበር። ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው።

ያልነገርኩህ አንተን ስለማውቅህ ነው። ብነግርህ ሁሉን ጥለህ ትመጣ ነበር፤ ከመጣህ ደግሞ መመለሻ እንደሌለህ አንተው ጽፈህልኛል። ስለኔ ብለህ ዕድልህ እንዲበላሽ አልፈልግም። ቁርጤን ነው የምነግርህ፤ እንዳትመጣ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀዳዳው እንደሚሰማ አውቀሃል። ፋይሉን ሠርተህ ላክልኝ። ሌላ ሰው ይጨርሰው እንዳትለኝ፤ ይህን ሁሉ ምዕራፍ እኔን አምነው አብረውኝ የመጡ ሰዎች ናቸው። በድምፄ የጀመርኩትን ድምፄ ሳለ ልጨርሰው።

አክስትህ


ኅዳር 11

ለውድ አክስቴ፤

ፈጣሪ ይማርሽ፣ ጉሮሮሽን ይጠብቅልሽ።

ፋይሉ ትንሽ አስቸግሮናል። የፊቱ ቀዳዳ ቁጥርና የኋላው እየተጋጩብን ነው። ገና እየሞከርን ነው። እስከዚያ ባትናገሪ ጥሩ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ ትጠጫለሽ? ሐኪሙ ስለ ሞቅ ያለ ውሃ ምን ይላል?

ስደርስበት አሳውቅሻለሁ።

ጭምቱ


ኅዳር 12

ጭምቱ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየሁልህ።

ውሸት አትችልበትም፣ ተወው። ከልጅነትህ ስትዋሽ ስለ ሌላ ነገር ትጠይቃለህ። ጫማዬን የት አደረግኸው ስልህ «ዛሬ ዝናብ ይዘንባል ወይ?» ነበር መልስህ፤ አሁን ደግሞ ሞቅ ያለ ውሃ። ፋይሉ እጅህ ላይ ነው።

ለምን እንደያዝከው ገብቶኛል። ማይኩ ከተከፈተ አነባለሁ፣ ካነበብኩ ጉሮሮዬ ይጎዳል ብለህ ነው። አንጀቴን በላኸው፣ እንዲህ የሚያስብልኝ ልጅ ስላለኝም አመሰግናለሁ። ግን አታድርገው። ጉሮሮው የኔ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ጥቂት ብታነቢ የከፋ ነገር አይመጣም፣ ግን ብትተዪው እመርጣለሁ ብሎኛል። እሱ ይመርጣል፣ አንተም ትመርጣለህ፣ እኔ ብቻ ነኝ ምርጫ የሌለኝ?

የማታውቀውን «የለም» ብለህ ማሳለፍ ስህተት ነበር ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። ያለውን የለም ማለትስ ምን ይባላል?

ዝም ብዬ ብቀመጥም ድምፁ ሊሄድ ይችላል። ያኔ መጽሐፉም ቀርቶ፣ ድምፁም ቀርቶ፣ ብርድ ልብስ በተቸነከረበት ክፍል ውስጥ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ይታይሃል? እኔ በጣም ታየኝና ፈራሁ።

አክስትህ


ኅዳር 13

ለአክስቴ፤

ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ብሎን አንዴ ጠቅ ካደረገው ይበቃል።

የኅዳር አራቱ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ነበር የጨረስኩት። ልልክልሽ ባልኩ ቁጥር ያ የሻከረ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። በእጄ ጉሮሮሽን የምጨርሰው መሰለኝ። ጥፋቴ ገብቶኛል፤ ይቅር በይኝ።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። በቀን ትንሽ ትንሽ ብቻ አንብቢ፤ ሲያምሽ ወዲያው አቁሚ። ሁለተኛው ደግሞ ይኸውልሽ፣ ስጽፈው ራሱ እያፈርኩ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ተዪልኝ። እኔ ላንብበው። ስልክ ላይ ሁለት ቃል የማላውቅ ሰው መሆኔን አውቃለሁ። ማይክ ፊት ግን የሚያየኝ የለም፤ ሌሎች ያንቺን ድምፅ አምነው እዚያ ድረስ ከመጡ የቀረችውን መንገድ እኔን ይታገሱኝ። ካልሆነም እሺ በይኝና ሌላ ሰው ይሁን። አንቺ ብቻ ያን ያህል እንዳትደክሚ።

ጭምቱ


ኅዳር 25

ለልጄ፤

ሰላም፣ ጤና፣ ሞገስ፣ የቀረብህ ካለም ሁሉም ይሰጥህ።

ማሽናችን ጠባዩ ተለወጠ። አሁን ዝርዝሩ ላይ «የፊት ማይክ» ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ «መሰካቱ አይታወቅም»። ብሎን ይህን ሲያይ «እኔን ሰድቦኛል» ብሎ ተኮሳተረ፣ ከዚያ ግን ጽዳት ሠራተኛዋን ጠርቶ አሳያት።

በየቀኑ ጥቂት ገጽ አነበብኩ። ሲያመኝ አቆምኩ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ድምፄ ቆንጆ አልነበረም። ግን መጽሐፉም የሽማግሌዎች መጽሐፍ ሆኖ ነበር፤ ወንድማማቾቹ አርጅተዋል፣ እኔም ስሻክር ከነሱ ጋር ያረጀሁ መስያለሁ። ዛሬ ጠዋት ትልቁ ወንድም ጀልባውን ፈትቶ ወንዙ መሐል ሲደርስ ምዕራፉ አለቀ። እኔም እዚያው ላይ አለቅኩ። የመጨረሻው ቃል ጨርሶ አልወጣ ብሎኝ ብሎን ሦስቴ መልሶ ቀዳኝ።

የቀረው ምዕራፍ ያንተ ነው። ብሎን ገጾቹን ፎቶ አንስቶ ከዚህ ጋር ልኳቸዋል። እንዳትቸኩል። ደግሞም ተዋናይ እንዳትሆን፤ ወንድሙ ከወዲያ ዳር ሲጠራው አትጩህ፣ ወንዙ ጠባብ ነው።

ነገ ጠዋት እገባለሁ። ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም። ከገባሁ በኋላ የምትሰማው ነገር ቢዘገይ ክፉ እንዳታስብ። ካንተ ጋር እንዲህ ስጻጻፍ መክረሜ ብዙ አግዞኛል። በስልክ ቢሆን ይህን ሁሉ አንባባልም ነበር።

እወድሃለሁ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 3

ለአክስቴ፤

እንዴት እንደሆንሽ አላውቅም። ብሎን «ወጥታለች፣ ትተነፍሳለች፣ ተቆጥታኛለች» ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭጭ ብሏል። ሳትናገሪ እንዴት እንደተቆጣሽው እያሰብኩ ትንሽ ተጽናናሁ። በቀን አሥር ጊዜ ኢሜይሌን እከፍታለሁ። መልስ ባትችዪም ይድረስሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

ምዕራፉን አነበብኩት። አሮጌ ማሽኖች ካሉበት ክፍል ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ አላገኘሁም። የማሽኖቹ ማራገቢያ እንዳይሰማ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። አለቃዬ ብቅ ብላ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ብሎንን ጭምር። ወጥታ በሩ ላይ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በእጇ እየመለሰች እስክጨርስ እዚያው ነበረች። አማርኛ ስለማታውቅ ከማነበው አንዲትም ቃል አይገባትም። ስወጣ ግን «ያ ሦስተኛ መልስ በሚቀጥለው እድሳት ውስጥ ይግባ» አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ ፈርቼ እየቸኮልኩ አነበብኩ። ትልቁ ወንድም ከጀልባው ወርዶ ታናሹ ፊት ሲቆም አንድ ገጽ ሙሉ ሳይነጋገሩ ይቆያሉ አይደል? እዚያ ስደርስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ያንን ገጽ አውቀዋለሁ፤ ካንቺ ቤት ነው የተማርኩት።

ቅጂውን ለብሎን ልኬለታለሁ። ካልጣመሽ ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ።

ጭምቱ


ታኅሣሥ 10

ለጭምቱ፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ ደጅህ ሰው አይጣ፣ ክፉ ዓይን አይይህ።

ይኸው ተርፌ እጽፍልሃለሁ። እብጠቱ ወጥቷል፤ የፈሩት ዓይነት አልሆነም። መናገር ግን ገና አልተፈቀደልኝም። ድምፄ ምን እንደሚመስል እስካሁን አላውቀውም፣ ሐኪሙም አያውቀውም። አንድ ቀን አፌን ስከፍት እንሰማዋለን። አንዳንድ ጊዜ ያ ቀን ይናፍቀኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ይቆይ እላለሁ።

ቅጂህን ሆስፒታል ሳለሁ ብሎን ጆሮዬ ላይ አድርጎ አሰማኝ። ጣመኝ። መጀመሪያው ላይ ትቸኩላለህ፣ አንድ ቦታ ላይ መስመር ዘለሃል፣ ማንም አያውቅብህም። ትንሹ ወንድም ሲጣራ እንዳልኩህ አልጮህክም። እኔ ባነበው ከዚያ አላሻሽለውም ነበር። ነርሷ አሟት ነው የምታለቅሰው ብላ መርፌ ልትወጋኝ መጣች፤ መናገር ስለማልችል ማስረዳት አልቻልኩም፣ ተወጋሁልህ።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ገና ወንበሬ ላይ ከመቀመጤ ስልኩ ጮኸ። ቀጥሎስ ነው። ብሎን እኔም እንድሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው። እንደ ልማዱ «ቀጥሎስ» አላለም። «አለቀ ማለት ነው» አለ። ብሎንም «አዎ፣ አለቀ» አለው።

«ያ የመጨረሻውን ያነበበው ሰው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ውጭ አገር ያለ ሰው ነው» አለ ብሎን።

«መጽሐፉ ውስጥ ያለ ሰው ሊናገር ሲል አንባቢው ትንሽ ቆም ይላል፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ» አለ ቀጥሎስ። «እሷም እንደዚያ ናት። ሌላ አንባቢ እንዲህ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳገናኝ ነው የምውለው፤ ይህ ከሷ አፍ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ልጇ ነው?»

ብሎን ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደኔ ዞረ። «ልጇ ነው ወይ ይላል። ምን ልበለው?» አለኝ።

እስከዛሬ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የወንድሜ ልጅ ነው ስል ነው የኖርኩት። እናትህ ጓደኛዬ ነበረች፤ እናት የሚለውን ስሟን የቀማኋት እንዳይመስለኝ ብዬ ነው። አንተ ፊትም እንደዚያ ስል ሰምተህ ይሆናል፣ ቅር ብሎህም ይሆናል፤ ጠይቄህ አላውቅም። ብሎን መልስ ይጠብቃል፣ ያ ሰውዬም በወዲያኛው ጫፍ ይጠብቃል። እናትህን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከብሎን ኪስ እስክሪብቶውን መዘዝኩና ስልኩን ባልያዘው እጁ መዳፍ ላይ «አዎ» ብዬ ጻፍኩበት።

ብሎን መዳፉን ወደ መነጽሩ አስጠግቶ አነበበ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ መልሶ «አዎ፣ ልጇ ነው» አለው።